የንግድ ቤት ፍተሻ፦ ጥርጣሬ ወይስ አማና?

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ቀን በገበያ ሲያልፉ ለሽያጭ የቀረበ የእህል ክምር ተመለከቱ። በዓይናቸው ብቻ አይተው አላለፉም። እጃቸውን ወደ ክምሩ ውስጥ ሰደዱ፤ ጣቶቻቸውም እርጥበት አገኙ። ባለቤቱን ምን እንደሆነ ሲጠይቁት ዝናብ አግኝቶት ነው አላቸው። ታዲያ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን አላደረግከውም ሲሉ ገሠጹት። የሚያታልል ሰው ከእሳቸው ወገን አለመሆኑንም ተናገሩ። ይህን ያስተላለፉት አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ሲሆኑ ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል።

ይህን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ውሃ ስለገባበት ወተት፣ ሙዝ ስለተቀላቀለበት ቅቤ፣ ስለ ሐሰተኛ ሚዛን ሲነገር ዘወትር ይጠቀሳል። ስለ ሕንፃ ሲጠቀስ ግን ብዙም አልሰማሁም። ነገሩ ያስገርማል። ጤፍ ለመግዛት ገበያ የወጣ ሰው ከማዳበሪያው ሥር እፍኝ ዘግኖ በመዳፉ ያሻል፣ ያሸታል፣ ወደ ብርሃን አዙሮ ያያል። ያው ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪቱን አውጥቶ የንግድ ቤት ሲገዛ የግድግዳውን ቀለም አይቶ፣ በር ከፍቶ ዘግቶ ቀብድ ይከፍላል። ለጤፉ እጁን ሰደደ፤ ለሕንፃው ግን ዓይኑ በቃው።

በዛሬው ጽሑፌ የንግድ ቤት ከመግዛታችንም ሆነ ከመከራየታችን በፊት ስለሚደረገው ፍተሻ፣ ከፍተሻው ምን መጠበቅ እንዳለብንና ሸሪዓችን በዚህ ረገድ የሚያሸክመንን ኃላፊነት አነሳለሁ።

«ሰውየውን አላመንከውም ማለት ነው?»

አርባ ምንጭን የሚያውቅ ሰው ከተማዋ በሁለት የተከፈለች መሆኗን ያውቃል። ሲቀላ ከታች በሜዳው ላይ፣ ሴቻ ደግሞ ከላይ በከፍታው ላይ ናቸው። ከሴቻ ሆኖ ቁልቁል ሲመለከቱ ጫካው፣ ከወዲያ ደግሞ አባያና ጫሞ ሐይቆች ይታያሉ። ውበቱ አላህን ያስታውሳል። ነገር ግን ይህ ውብ ቦታ የስምጥ ሸለቆ አካል ነው፤ ተዳፋትም አለበት። ሚያዝያና ግንቦት ዝናቡ ይበረታል፤ ጥቅምት አካባቢ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ከላይ የወረደ ውሃ መንገድ ካልተበጀለት በሰው ቤት መሠረት ሥር መንገድ ያበጃል።

አንድ ወንድም በሴቻ ባለ አንድ ፎቅ የንግድ ቤት ሊገዛ አስቦ አብሬው እንድሄድ ጠየቀኝ። መሐንዲስም ይዞ ነበር። ቤቱ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ደላላው መሐንዲሱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ወንድሜ፣ ምን ይገኛል ብለህ ነው መሐንዲስ የጎተትከው?» አለው። «ሐጂ እኮ ሰጋጅ ሰው ናቸው። አላመንካቸውም ማለት ነው?»

ወንድማችን አፈረ። መሐንዲሱን ወደ ኋላ ሊመልሰውም ዳዳው። ብዙዎቻችንን የሚያሸንፈን ይኸው ሐፍረት ነው። መፈተሽን ከመጠርጠር፣ መጠየቅን ከመናቅ ጋር አንድ እናደርገዋለን።

እስቲ እናስተውል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እጃቸውን የሰደዱት በራሳቸው ከተማ፣ በባልደረቦቻቸው መካከል በነበረ ገበያ ነው። በዚያ ገበያ መፈተሽ ነውር ካልሆነ ሴቻ ላይ እንዴት ነውር ይሆናል? በቅዱስ ቁርኣን ውስጥ ካሉት አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ በሱረቱል በቀራህ የሚገኘው ስለ ብድር ውል የሚናገረው አንቀጽ ነው። ምእመናን በመካከላቸው ያለውን ብድር እንዲጽፉ፣ ምስክርም እንዲያቆሙ ያዝዛል። አላህ (ሱ.ወ.) ይህን ያዘዘው አማኞችን ነው። መጻፍ አለመተማመን ቢሆን ኖሮ አማኞች በእሱ ባልታዘዙ ነበር። እንግዲያው ጽሑፍም፣ ምስክርም፣ ፍተሻም መተማመንን የሚጠብቁ አጥሮች ናቸው። መጥፎ ጥርጣሬ ማለት ያለ ማስረጃ በሰው ላይ በልብ መፍረድ ነው። ፍተሻ ግን ከመፍረድ በፊት ማስረጃ መፈለግ ነው።

መሐንዲሱ ምን አየ?

መሐንዲሱ ሥራውን በጥያቄ ጀመረ። «ቤቱን ለምን ልታውለው ነው?» አለው። ወንድማችን ከታች ሱቅ፣ ከላይ የሲሚንቶ መጋዘን ለማድረግ እንዳሰበ ነገረው። መሐንዲሱ ራሱን ነቀነቀ። ለመኖሪያ ተብሎ የሚሰላ ወለል በአንድ ካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ እንዲሸከም ነው የሚታሰበው፤ ለመጋዘን የሚሰላው ግን ከዚያ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። 50 ኪሎ የሚመዝነውን የሲሚንቶ ከረጢት አሥሩን ብትደራርበው 500 ኪሎ ይሆናል፤ የሚያርፈውም ከግማሽ ካሬ ሜትር ባነሰ ቦታ ላይ ነው። ቤቱ ለሱቅ ደህና ሆኖ ለመጋዘን አደገኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከፍተሻ የመጀመሪያው ቁም ነገር ይህ ነው፦ «ቤቱ ጥሩ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። ለምን አገልግሎት ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ቀጥሎ ወረቀቶቹን ጠየቀ። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት መሠረት በሀገራችን መሬት አይሸጥም አይለወጥም። የሚሸጠው ሕንፃው ሲሆን የመሬቱ የመጠቀም መብት አብሮት ይተላለፋል። በመሆኑም ካርታው በሻጩ ስም መሆኑ፣ የሊዝ ቀሪ ክፍያ መኖር አለመኖሩ፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንዳለበት ከማዘጋጃ ቤቱ መጣራት አለበት። የግንባታ ፈቃዱና ፕላኑም ይታያሉ። ፕላኑ ላይ አንድ ፎቅ ሆኖ መሬት ላይ ሁለት ከሆነ ሁለተኛው በማን ስሌት ላይ ቆመ? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል ሕዝብ የሚገለገልባቸውንና ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝሙትን ከከባዱ ምድብ ያኖራቸውና መጠቀሚያ ፈቃድ የጠየቀባቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከዚያም ወደ ቤቱ ገባ። ከውጭ ጀምሮ ዙሪያውን ዞረ። የዝናቡ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ፣ አሸንዳው የት እንደሚያፈስ፣ ሴፕቲክ ታንኩ ከመሠረቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ተመለከተ። ግድግዳውን በመዶሻ ቀስ እያለ መታ፤ ልስኑ ከብሎኬቱ የለቀቀበት ቦታ ባዶ ቆርቆሮ ይመስል ድምፁ ይለያል። ስንጥቆቹን አንድ በአንድ አየ። እንደ ፀጉር የቀጠነ የልስን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ሲደርቅ የሚመጣ ነው፤ አያስደነግጥም። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ በግድግዳው በሁለቱም በኩል የሚታይ፣ እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ ግን መሠረቱ በአንድ ወገን እየሰመጠ መሆኑን ሊናገር ይችላል። በምሰሶ ወይም በቢም ላይ የዝገት ቀለም ያዘለ ስንጥቅ ካለ ደግሞ ውስጥ ያለው ፌሮ እየተበላ ነው። ኮርኒሱን ከፍቶ የጣሪያውን እንጨት በቢላዋ ጫፍ ወጋ ወጋ አደረገ፤ ምስጥ ከውጭ ሳይታወቅ ውስጡን ባዶ ያደርገዋልና። የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ከፍቶ ሽቦው ከብሬከሩ ጋር ይመጣጠን እንደሆነ፣ መሬት የተቀበረ የኧርዝ መስመር እንዳለው አጣራ። በመጨረሻም እሳት ቢነሳ ሰው በየት እንደሚወጣ ጠየቀ። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለነጋዴ ትርፍ ነገር ይመስለዋል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ የተነሳውን እሳትና የእሳት አደጋ መኪኖች በጠባቡ መተላለፊያ ምን ያህል እንደተቸገሩ ያስታወሰ ግን ትርፍ አይለውም።

የቀለም ነገር ሲነሳ ከሴቻ ብዙም የማይርቀውን የዶርዜን ቤት አሰብኩ። ከቀርከሃ ተጎንጉኖ ከፍ ብሎ የሚሠራው ይህ ቤት እግሩን ምስጥ ይበላዋል። ሲበላውም ቤቱ በየጊዜው ዝቅ እያለ ይሄዳል። ቁመቱን ያየ ሰው ዕድሜውን ይገምታል። ቤቱ ጉድለቱን አይደብቅም፤ እርጥቡን ከላይ ያደርጋል። የእኛ የሲሚንቶ ቤት ግን ልስንና ቀለም አለው። ስለዚህ እሱ ሊናገር የማይችለውን ባለቤቱ መናገር አለበት።

ያወቀ ዝም ማለት የለበትም

መሐንዲሱ ከታችኛው ሱቅ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ሲያይ ቆሞ ቀረ። ቀለሙ ከሌላው ይልቅ ወፍራም ነበር። ሻጩን «አባቴ፣ እዚህ ጋ እርጥበት ነበረ እንዴ?» ብሎ ጠየቃቸው። ሻጩ ዝም አሉ። በዚህ ጊዜ በሱቁ ውስጥ ተከራይተው ጋቢና ቡሉኮ የሚሸጡ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ሚያዝያ ሲገባ እኔ ጨርቄን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ነው የማወጣው። ውሃው ከግድግዳው ሥር እየመነጨ ይገባል» አሉ።

ሻጩ ተቆጡ። «ገበያዬን አበላሸሽብኝ!» አሏቸው።

ይህ ቃል አዲስ አይደለም። ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ዑሉሚዲን ባሰፈሩት ታሪክ ውስጥ ዋሲላ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ.) የተባሉት የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረባ ቆመው ሳለ አንድ ሰው ግመል በ300 ዲርሃም ሸጠ። ዋሲላ ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበርና ገዢው ግመሏን ይዞ ሄደ። ልብ ሲሉ ሮጠው ጠሩትና ግመሏን የገዛት ለሥጋ ወይስ ለጉዞ እንደሆነ ጠየቁት። ለጉዞ ነው አላቸው። እንግዲያው ኮቴዋ ቀዳዳ አለው፤ ጉዞ አታዘልቅም አሉት። ሰውየው ሊመልሳት ሄደ፤ ሻጩም ከዋጋው 100 ዲርሃም ቀነሰለት። ከዚያም ሻጩ ዋሲላን ገበያዬን አበላሸህብኝ ሲል ወቀሳቸው። ዋሲላ የመለሱለት ለማንኛውም ሙስሊም ቅን ለመሆን ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል የገቡ መሆናቸውን ነው። ነውሩን ሳይናገሩ መሸጥ እንደማይፈቀድ፣ ነውሩን ለሚያውቅም ሰው ዝም ማለት እንደማይፈቀድ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስማታቸውንም ነገሩት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ዋሲላ የጠየቁት የመሐንዲሱን ጥያቄ ነው፤ ለምን አገልግሎት? ሁለተኛ፣ ዋሲላ ሻጭም ገዢም አልነበሩም። ያወቁት ነገር ብቻ ግዴታ ውስጥ አስገባቸው። እንግዲህ ቀለም ቀቢው፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ጎረቤቱ፣ ተከራዩ፣ ከሁሉም በላይ ከሁለቱም ወገን ኮሚሽን የሚቀበለው ደላላ፣ ያወቁትን የመናገር ግዴታ አለባቸው ማለት ነው። ያቺ እናት የዋሲላን ሥራ ሠሩ። ይህን ሲያደርጉ ነገ ከሱቁ ሊወጡ እንደሚችሉ ያውቁ ነበር።

የሰሚ ያለህ!

ፍተሻ ተደርጎም ሰሚ ካጣ ምን እንደሚሆን የባንግላዴሽን ነገር ማንሳት ይበቃል። ከዋና ከተማዋ ከዳካ አጠገብ ሳቫር በተባለ ቦታ ራና ፕላዛ የሚባል ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ነበር። ለሱቅና ለቢሮ ታስቦ ተሠርቶ ሳለ የላይኛዎቹ ፎቆች ያለ ፈቃድ ተጨመሩበት፤ ከባድ መኪኖችና ጄኔሬተር ያላቸው የልብስ ፋብሪካዎችም ገቡበት። ሚያዝያ 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ግድግዳውና ምሰሶው ሲሰነጠቅ መሐንዲስ መጥቶ አየውና አደገኛ ነው አለ። ሰው ወጣ። በማግስቱ ከታች የነበሩት ባንክና ሱቆች ተዘግተው ዋሉ። የፋብሪካ ሠራተኞቹ ግን ግቡ ተባሉ። በዚያው ጠዋት ሕንፃው ተደረመሰ፤ 1,134 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ እንጀራ ፍለጋ ከገጠር የመጡ ሴቶች ነበሩ።

በቱርክም ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በዚያች ሀገር ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ሰው አልቋል። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ያለ ፈቃድ የተሠሩ ሕንፃዎች ክፍያ እየፈጸሙ ሕጋዊ የሚሆኑበት ምሕረት በሀገሪቱ ታውጆ ነበር። ወረቀት ላይ የተሰጠ ምሕረት ግን ለደካማ ምሰሶ ጉልበት አይጨምርለትም።

ውድ አንባብያን፣ የእርጥብ እህል ጉዳት በገዢው ኪስ ላይ ይቆማል። የሕንፃ ነውር ግን በውሉ ላይ ያልፈረመውን ሰው ይገድላል። ተከራዩን፣ ደምበኛውን፣ በበረንዳው ሥር ከዝናብ የተጠለለውን ልጅ። ለዚህ ነው ሻጭና ገዢ ተስማሙ ተብሎ ነገሩ የማይዘጋው። ራስን አለመጉዳት፣ ሌላውንም አለመጉዳት የሸሪዓችን መሠረታዊ ሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የሀገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም ቢሆን የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው በሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለገዢ፦ ቀብድ ከመክፈልህ በፊት አስፈትሽ። ፈታሹን አንተ ራስህ ምረጠው እንጂ ደላላው አይምረጥልህ። ክፍያውም ሽያጩ ቢሳካም ባይሳካም አንድ ይሁን፤ ሽያጩ ሲፈጸም የሚከፈለው ፈታሽ ምላሱ ይታሰራል። ውጤቱን በጽሑፍና በፎቶግራፍ ተቀበል። ጥሩ ሪፖርት ነገሮችን በሦስት ይለያል፦ አሁኑኑ አደገኛ የሆነውን፣ በቅርብ መጠገን ያለበትንና በጊዜ ሂደት የሚታደሰውን። ለእያንዳንዱም ግምታዊ ወጪ ያስቀምጣል። ነገር ግን ፍተሻ ዋስትና አለመሆኑን እወቅ። መሐንዲሱ በግድግዳ ውስጥና በወለል ሥር ያለውን በዓይኑ አያይም። ከተጠራጠረ የሲሚንቶውን ጥንካሬ የሚለካ መሣሪያ ወይም ናሙና ቆርጦ ማስመርመር ያስፈልግ ይሆናል። «ያላየሁትን አላየሁም» ብሎ የሚጽፍልህ መሐንዲስ «ምንም የለበትም» ከሚልህ ይሻላል።

ለሻጭ፦ «ያየኸው ነው፣ እንደቆመ ነው የምሸጥልህ» የሚለው ቃል አያድንህም። የፊቅህ ሊቃውንት በዚህ ዓይነት ውል ዝርዝር ላይ ቢለያዩም ከእነሱ ብዙዎቹ ነውሩን እያወቀ የደበቀን ሻጭ ከኃላፊነት አያወጡትም። መደበቁ ኃጢአት ስለመሆኑ ግን ልዩነት የለም። ገዢውም ነውሩን ሲያገኝ ዕቃውን የመመለስ ምርጫ እንዳለው ኺያሩል ዐይብ በሚለው ምዕራፍ ተብራርቷል። ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እውነት ተናግረው ግልጽ ያደረጉ ሻጭና ገዢ በግብይታቸው በረካ እንደሚያገኙ፣ የደበቁና የዋሹ እንደሆነ ግን በረካው እንደሚነሳባቸው ተነግሯል። አብረናቸው የምንኖረው የጋሞ ሽማግሌዎችም ተደብቆ የተሠራ በደል «ጎሜ» ሆኖ በቤትና በልጆች ላይ እንደሚመለስ ያስተምራሉ። እኛ በጌታችን ፊት እንደምንጠየቅ የምናምን ሰዎች ከዚህ አንሰን መገኘት የለብንም።

ለፈታሽ መሐንዲስ፦ የያዝከው የምስክርነት ሥራ ነው። ያላየኸውን አትፈርም። ጉርሻ ተቀብለህ የምታለሰልሰው ቃል ጉቦ ነው፤ ቃሉን አምኖ ከጣሪያው ሥር የሚገባው ሰው ደግሞ ነገ ባላጋራህ ነው።

ለመስጂድ ኮሚቴዎች፦ በየከተማው ብዙ መስጂዶቻችን ዙሪያቸውን ሱቅ ሠርተው ያከራያሉ። ይህ ገንዘብ ኢማሙንና የቁርኣን ተማሪዎችን ይደግፋል፤ መልካም ነው። ግን እነዚያን ሱቆች መጨረሻ ያስፈተሻችኋቸው መቼ ነው? የኤሌክትሪክ መስመራቸውን፣ ጣሪያቸውን፣ የእሳት መውጫቸውን? ኹጥባው ከሚንበሩ ከመነገሩ በፊት ከሱቆቹ ቢጀመር ሰሚ ያገኛል።

ያ የሴቻው ግብይት እንዴት እንዳለቀ ለሚጠይቁኝ፦ ሪፖርቱ በአምስተኛው ቀን መጣ። የጀርባው ግድግዳ በውሃ የተጎዳ መሆኑ፣ የፎቁ ወለል ለመጋዘን እንደማይሆን፣ ምሰሶዎቹ ግን ደህና መሆናቸው ተጽፎበታል። ወንድማችን መጋዘኑን ተወ። ሻጩ ንዴታቸው ሲበርድ የማፋሰሻ ቦይ ማሠሪያና የግድግዳ መጠገኛ ወጪው ከዋጋው እንዲቀነስ ተስማሙ፤ ነውሩም በውሉ ላይ በግልጽ ሰፈረ። ወንድማችን ደግሞ ያቺ እናት በነበሩበት ኪራይ እንዲቀጥሉ በጽሑፍ አረጋገጠላቸው። እውነት የተናገረ ሰው በእውነቱ ምክንያት ከእንጀራው ከተፈናቀለ በሚቀጥለው ጊዜ ማንም አይናገርምና ይህ ከዋጋው ቅናሽ ያላነሰ ነገር ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ሐላል ሪዝቅ ይለግሰን፤ የምንሸጠውንም የምንገዛውንም በረካ ያድርግልን፤ አውቀው ዝም ከሚሉ፣ ተነግሯቸውም ከማይሰሙ ሰዎች አያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።